ቤት ሲሸጥ ምን ይቀራል፣ ምን ይወጣል? የወለል፣ የቤት ዕቃና የጓሮ ክርክር በቦንጋና በካፋ ዞን

በኢትዮጵያ ቤት የሚሸጥ ሰው መሬት አይሸጥም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 3 የገጠርም ሆነ የከተማ መሬት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፣ መሬትም የማይሸጥና የማይለወጥ መሆኑን ከደነገገ በኋላ፣ በዚያው አንቀጽ ንዑስ አንቀጽ 7 ደግሞ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬት ላይ የገነባውን ንብረትና ያደረገውን ቋሚ መሻሻል የመሸጥ፣ የመለወጥና የማውረስ፣ የመጠቀም መብቱ ሲቋረጥም ንብረቱን የማንሳት መብት ይሰጠዋል። ገበያው የቦታውን ጥቅም በዋጋው ውስጥ እንደሚያሰላ የታወቀ ቢሆንም፣ በሕግ ዓይን ገዢው ገንዘብ የሚከፍለው ለግድግዳው፣ ለጣሪያው፣ ለወለሉና በእነዚህ ላይ ለተተከለው ወይም ለተገጠመው ነገር ነው። ስለዚህ ሴራሚኩ፣ ቁምሳጥኑ፣ የውሃ ታንከሩና የጓሮው ቡና በሽያጩ ዳር የሚነሱ ጥቃቅን ጉዳዮች ሳይሆኑ የሽያጩ ዕቃ ራሳቸው ናቸው ማለት ይቻላል፤ ይህ እየታወቀ በአብዛኛው የቤት ሽያጭ ውል ውስጥ ስማቸው አለመነሳቱ የሚያስገርም ነው።

ጉዳዩ በቦንጋና በዙሪያዋ የተለየ መልክ የሚይዝባቸው ምክንያቶች አሉ። ከአዲስ አበባ በጅማ በኩል 450 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ቦንጋ የካፋ ዞን ዋና ከተማ ስትሆን፣ በ2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲመሠረት የክልሉ አስተዳደር መቀመጫም ሆናለች፤ ከዚያ አስቀድሞ የቦንጋ ዩኒቨርሲቲ መከፈቱም ከሌላ አካባቢ የሚመጣ ሠራተኛና መምህር ወደ ከተማዋ እንዲገባ አድርጓል። የቤቱ ዓይነትም አንድ አይደለም። በእንጨት ማገር ተሠርቶ በጭቃ የተመረገና ቆርቆሮ የለበሰ ቤት በብሎኬት ከተገነባ አዲስ ቤት አጠገብ ይቆማል፤ ወለሉ ከተደለደለ አፈር ጀምሮ ሊሾ፣ ጣውላ፣ ሴራሚክ ወይም በሊሾ ላይ የተነጠፈ የፕላስቲክ ምንጣፍ ሊሆን ይችላል። ከዚህ ሁሉ በላይ የካፋ ቤት ያለ ጓሮ አይታሰብም፤ ጓሮው ቡና፣ እንሰት፣ አልፎ አልፎም ኮረሪማና የንብ ቀፎ የሚይዝ በመሆኑ በአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤት ሲሸጥ ፈጽሞ የማይነሳ ጥያቄ እዚህ ዋና ጥያቄ ይሆናል።

ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚሰጠው ሕግ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ምሁር ሬኔ ዳቪድ ሲሆኑ፣ ሕጉ ንብረትን የሚንቀሳቀስና የማይንቀሳቀስ ብሎ ከከፈለና መሬትንና ቤትን በሁለተኛው ክፍል ካስቀመጠ በኋላ፣ ከአንቀጽ 1131 እስከ 1139 ባሉት ድንጋጌዎች በአንድ ንብረት ላይ የተጨመሩ ወይም ለእርሱ አገልግሎት የዋሉ ነገሮች ዕጣቸው ምን እንደሚሆን ይዘረዝራል። በዚህም ነገሮቹ በሁለት ይመደባሉ። የመጀመሪያው ምድብ ከንብረቱ ጋር አንድ አካል የሆኑትን ይይዛል፤ በአንቀጽ 1132 መሠረት በልማድ የንብረቱ ክፍል ተደርጎ የሚቆጠር ማናቸውም ነገር፣ እንዲሁም ከንብረቱ ጋር በግዙፍነት ተዋሕዶ ንብረቱን ሳያፈርስ ወይም ሳያበላሽ ሊለይ የማይችል ነገር የንብረቱ አካል ነው፤ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ በቀር በቤቱ ላይ የሚደረግ ውል ይህን ሁሉ ይዞ ያልፋል። ሁለተኛው ምድብ ተጓዳኝ ሊባል የሚችለው ነው፤ ይህም ባለቤቱ ወይም የአላባ ባለመብቱ፣ ማለትም ባለቤት ሳይሆን በንብረቱ የመገልገልና ፍሬውን የመብላት መብት ያለው ሰው፣ ለዋናው ንብረት አገልግሎት በቋሚነት የመደበው ነገር ሲሆን፣ በአንቀጽ 1135 መሠረት አጠራጣሪ ሁኔታ ሲያጋጥም እርሱም ዋናውን ንብረት ተከትሎ ይሄዳል።

በእነዚህ ሁለት ሚዛኖች ላይ ወለል ሲመዘን አብዛኛው ክርክር ወዲያው መልስ ያገኛል። ሊሾ የቤቱ አካል ስለመሆኑ ማንም አይከራከርም። በሲሚንቶ የተለጠፈ ሴራሚክም ሲነቀል ራሱም ይሰበራል፣ ከሥሩ ያለውን ሊሾም ያቆስላል፤ ስለዚህ ሻጩ ትናንት ያስነጠፈው ቢሆን እንኳ ከውሉ በኋላ ሊነካው አይችልም። በምስማር የተመታ የዋንዛ ወይም የቀረሮ ጣውላ ትንሽ ያከራክር ይሆናል፤ ጣውላውን ሳይሰብር የሚያነሳ አናጢ አለና። ነገር ግን ሕጉ የሚጠይቀው ጣውላው ይተርፋል ወይ ብሎ ሳይሆን ቤቱ ይበላሻል ወይ ብሎ ነው፤ ወለሉን ያጣ ክፍል ደግሞ ክፍል መባሉም ያጠራጥራል፤ የልማዱ መለኪያም ጣውላውን ከቤቱ አይለየውም።

የሚያስቸግረው በሙጫም በምስማርም ያልተያዘው ንጣፍ ነው። እርስ በርሱ እየተቆላለፈ የሚነጠፈው ላሚኔት ያለ ጉዳት ተነቅሎ በሌላ ክፍል ሊነጠፍ ይችላል፤ የፕላስቲኩ ምንጣፍም ተጠቅልሎ በትከሻ ይወጣል። ሻጮች በአብዛኛው «ይህ የእኔ ዕቃ ነው» የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው፤ ክርክራቸውም በመጀመሪያው ሚዛን ብቻ ከታየ ትክክል ነው። ሁለተኛው ሚዛን ግን መነቀሉን ሳይሆን ባለቤቱ ለምን እንዳዋለው ይጠይቃል። በክፍሉ ልክ ተቆርጦ፣ በበሩ መቃን ዙሪያ ተስተካክሎ፣ ለዓመታት የወለል ሥራ ሲሠራ የኖረ ፕላስቲክ ለቤቱ አገልግሎት በቋሚነት የተመደበ ነው ለማለት የሚያበቃ ምክንያት አለው፤ በአንጻሩ በክፍሉ መካከል ጣል የተደረገ ስጋጃ ከሶፋና ከጠረጴዛ የሚለይበት ነገር የለም። ውሉ ዝም ባለበት ሕጉ ከብዙ ሻጮች ግምት ይልቅ ወደ ገዢው ያዘነብላል፤ ሻጩ ምንጣፉን መውሰድ ከፈለገም በውሉ ላይ ማስቀረቱን ማጻፍ ያለበት እርሱ ነው።

በቦንጋ የዝናብ ብዛት የወለል ክርክር ሌላ ጎን ይጨምርበታል። እርጥበት ከመሬት እየሳበ ሊሾን ይሰነጥቃል፣ ጣውላን ያሳብጣል፣ ከፕላስቲኩ ሥርም ሻጋታ ያበቅላል፤ ንጣፉ ሲነሳ የሚታየው ነገር ንጣፉ ራሱ ከነበረው ዋጋ በላይ ሊያጣላ ይችላል። በሽያጭ ሕግ ሻጭ ገዢው በተራ ምርመራ ሊያያቸው ለማይችላቸው ጉድለቶች ዋስ ነው፤ ጉድለቱን አውቆ የሸፈነ ሻጭ ደግሞ በውሉ ላይ «እንዳለ ተገዝቷል» የሚል ቃል ቢያስገባም አያመልጥም። ገዢውም በበኩሉ ቤቱን በተረከበ ጊዜ መርምሮ ያገኘውን ጉድለት ሳይዘገይ ለሻጩ ማሳወቅ ይጠበቅበታል፤ ወራት አልፈው የሚቀርብ አቤቱታ ጉድለቱ ከሽያጩ በፊት ነበረ ወይስ ከሽያጩ በኋላ በገባው ክረምት መጣ የሚል አስቸጋሪ ጥያቄ ይከተለዋል።

ከወለሉ ወደ ቀሩት ዕቃዎች ሲታለፍ የሕጉ ሚዛን ያው ነው። በርና መስኮት፣ የብረት ፍርግርግ፣ ኮርኒስ፣ በግድግዳ ውስጥ የተቀበረ የመብራት መስመር፣ መታጠቢያና የሽንት ቤት መቀመጫ የቤቱ አካል ናቸው። በግድግዳ ላይ የተሠራ ቁምሳጥንና በልኩ የተገጠመ የወጥ ቤት ካቢኔ ወደዚያው ያደላሉ፤ ከመደብር ተገዝቶ የቆመ ቁምሳጥን ግን የሻጩ ዕቃ ነው። የሳተላይት ሳህን፣ የመጋረጃ ብረትና ያጌጠ አምፖል በሁለቱ መካከል ይወድቃሉ። የመብራትና የውሃ ቆጣሪ ደግሞ ከእነዚህ ሁሉ ይለያል፤ ቆጣሪ ከአገልግሎት ሰጪው ድርጅት ጋር በተደረገ ውል በደንበኛው ስም የሚያዝ በመሆኑ፣ ዋናው ነገር ሻጩ ያለበትን ዕዳ ከፍሎ ስሙ ወደ ገዢው መዛወሩ ነው።

በተለምዶ ሮቶ እየተባለ የሚጠራው የፕላስቲክ ውሃ ማጠራቀሚያ የዚህ ክርክር ዓይነተኛ ምሳሌ ነው። በብረት ማማ ላይ ያለ ምንም ማሰሪያ በራሱ ክብደት ተቀምጦ ሊገኝ ስለሚችል ሻጩ «አልተተከለም» ይላል፤ ገዢው ደግሞ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ቦታ ቤቱን የገዛው ታንከሩን አይቶ መሆኑን ይናገራል። በአንቀጽ 1136 ትርጉም መሠረት ከቤቱ የውሃ መስመር ጋር የተያያዘና ባለቤቱ ለቤቱ አገልግሎት የመደበው ታንከር ተጓዳኝ ነው። በርክክቡ ዋዜማ ማውረዱም ለውጥ አያመጣም፤ አንቀጽ 1137 ለጊዜው የተለየ ተጓዳኝ ነገር ተጓዳኝነቱን እንደማያጣ ይደነግጋልና፤ ለጥገና የወጣ የውሃ ፓምፕና ለቀለም የተነቀለ በርም እንደዚሁ ናቸው። ነገር ግን ታንከሩን ያስቀመጠው ተከራይ ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል፤ ተከራይ ባለቤትም የአላባ ባለመብትም ስላልሆነ ያስቀመጠው ዕቃ በእርሱ ፈቃድ ብቻ የቤቱ ተጓዳኝ ሊሆን አይችልም። ተከራዩ በራሱ ገንዘብ ያስለጠፈው ሴራሚክ ግን ከወለሉ ጋር ስለተዋሐደ የቤቱ አካል ሆኗል፤ በአንቀጽ 1134 መሠረትም በዕቃው ላይ የነበረው መብት ቀርቶ ክርክሩ ገንዘብ ከመጠየቅ አያልፍም። በቦንጋ ብዙ ቤት ተከራይ እያለበት ስለሚሸጥ፣ ገዢ ከሻጩ ብቻ ሳይሆን ከተከራዩም ጠይቆ ማረጋገጥ ይኖርበታል።

ሌሎች አገሮችም ከዚህ ችግር አልዳኑም። የእንግሊዝ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1996 ቲኤስቢ ባንክ ተከራካሪ በነበረበት አንድ መዝገብ ከመቶ በላይ የቤት ዕቃዎችን እየመደበ መርምሮ፣ የወጥ ቤት ካቢኔና የመታጠቢያ ቤት ዕቃዎች የቤቱ አካል እንደሆኑ፣ በክፍሉ ልክ የተነጠፈ ምንጣፍ፣ መጋረጃና ማቀዝቀዣን የመሰሉ ዕቃዎች ግን እንዳልሆኑ ወስኗል። የእንግሊዝ ዳኞች ሁለት ነገር ይመዝናሉ፤ ዕቃው ምን ያህል እንደተያያዘና የተያያዘው ቤቱን ለማሻሻል ነው ወይስ በዕቃው ለመገልገል ብቻ ነው የሚለውን። የኢትዮጵያ ሕግ የባለቤቱን ምደባ ስለሚያይ፣ የእንግሊዙ ፍርድ ቤት ለሻጭ የተወውን ምንጣፍ ለገዢ ሊሰጥ የሚችልበት መንገድ አለው። በጀርመን ደግሞ ተከራይ ቤት ሲለቅ የወጥ ቤቱን ካቢኔ ነቅሎ ይዞ መሄዱ የተለመደ ነው፤ የእኛ ሕግ በአንቀጽ 1132 ልማድን አንዱ መለኪያ ያደረገውም እንዲህ ያለ ልዩነት ከቦታ ቦታ ስለሚኖር ይመስላል።

ከከተማው ወጥቶ ወደ ጊምቦ፣ ወደ ዴቻ ወይም ወደ ጨና ወረዳ ገጠር ለሚዘልቅ ሰው የሚነቀለው ዋና ነገር ከወለሉ ወደ ጣሪያው ይዞራል። በጭቃ ቤት ላይ በገንዘብ የተገዛው ዋና ነገር ቆርቆሮው ነው፤ ማገሩና ምርጉ ከአካባቢው የተገኘ ሲሆን ቆርቆሮው ግን ቤቱ ሲፈርስ ተነቅሎ በሌላ ቦታ እንደገና ቤት ይከድናል። ቤት ለፍራሽ የሚሸጠውም በዚህ ምክንያት ነው፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉም ከፈረሰ ቤት የሚወጣ ዕቃ ሽያጭን እንደሚንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ ይቆጥረዋል። ስለዚህ ውሉ ቤቱ ቆሞ ለመኖሪያ የተሸጠ ነው ወይስ ለፍራሽ የሚለውን መለየት አለበት፤ በመጀመሪያው ቆርቆሮው የቤቱ አካል ሆኖ ይቀራል፣ በሁለተኛው ግን የተሸጠው ቆርቆሮውና እንጨቱ ብቻ ስለሆነ ገዢው አፍርሶ መሄድ እንጂ በቦታው መቀመጥ አይችልም። የገጠር መሬት በሽያጭ ስለማይተላለፍ በቤት ሽያጭ ስም ማሳውን ለማስተላለፍ የሚደረግ ውል ፍርድ ቤት ሲደርስ አይጸናም።

ከሁሉም በላይ ገንዘብና ቅሬታ ያለው በጓሮው ላይ ነው፤ ሕጉም በዚህ ቦታ እንደ ወለሉ ግልጽ አይደለም። አንቀጽ 1133 ዛፎችና ሰብሎች ከመሬት እስኪለዩ ድረስ የመሬቱ አካል እንደሆኑ ይናገራል። ድንጋጌው በተጻፈ ጊዜ መሬት የግል ነበርና መሬቱን የገዛ ቡናውንም ገዛ ማለት ይቻል ነበር፤ በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትና ከዚያም የከተማ ቦታ የሕዝብና የመንግሥት ከሆኑ በኋላ ግን ቡናው የማይሸጥ ነገር አካል ሆኖ ተገኘ። ክፍተቱን የሚሞላው ተክሉን በጉልበት የተፈጠረ ቋሚ መሻሻል የሚያደርገው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40(7) ሲሆን፣ በዚህ አተረጓጎም ተክሉ የሻጩ ንብረት ስለሆነ ከቤቱ ጋር ሊያስተላልፈው ይችላል፤ ይዞታውም ስለሚተላለፍ ውሉ ዝም ካለ ተክሉ ይከተላል ማለት ከሁሉም የተሻለ መልስ ይመስላል።

ይህ መልስ ግን ስለ ፍሬው ዝም ይላል። በካፋ ቡና የሚለቀመው ከመስከረም ማብቂያ እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ በመሆኑ፣ ቤቱ በነሐሴ ተሽጦ ርክክቡ በጥቅምት ከሆነ ዓመቱን ሙሉ የኮተኮተው ሻጭ ፍሬው ቀልቶ ሲያይ ዝም ብሎ አይሄድም። የእንሰቱ ነገር ደግሞ ከዚህ ይከብዳል። እንሰት ለቆጮ እስኪደርስ በርካታ ዓመታት የሚጠይቅ ሲሆን፣ ደርሶ ያልተቆረጠው የቤተሰቡ ስንቅ ነው፤ ሻጩ የበሰለውን ቆርጦ መሄዱን እንደ መብቱ ሲቆጥር፣ ገዢው ደግሞ የተራቆተ ጓሮ መረከቡን እንደ መታለል ያየዋል። ሕጉ ራሱ መውጫውን አስቀምጧል፤ በአንቀጽ 1133 ንዑስ አንቀጽ 2 መሠረት ከመሬቱ እንዲለይ ውል የተደረገበት ተክል ወይም ሰብል ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ራሱን የቻለ ተንቀሳቃሽ ንብረት ይሆናልና፣ ሻጩ «የዘንድሮውን ቡና እኔ እለቅማለሁ፣ የደረሰውን እንሰት እስከዚህ ቀን እቆርጣለሁ» ብሎ በውሉ ማስገባት ይችላል። ያላስገባ ሻጭ ከውሉ በኋላ በጓሮው ላይ የሚያነሳው ጥያቄ ደካማ ነው። ገዢ በበኩሉ ፍሬው አስቀድሞ ለነጋዴ የተሸጠ መሆን አለመሆኑን ማጣራት አለበት።

ቀፎ ከዚህ ይለያል። ቤቱ አጠገብ ያለ ቀፎ ሰው የሚያንቀሳቅሰው ዕቃ ነው። በጫካው ዛፍ ላይ የተሰቀለው ባህላዊ ቀፎ ግን በካፋ ኮቦ ከሚባለው የልማድ ሥርዓት ጋር የተያያዘ ነው፤ በዚህ ሥርዓት አንድ ቤተሰብ በተወሰነ የጫካ ክፍል ውስጥ ማር፣ ቡናና ቅመም የመሰብሰብ መብት አለው። ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ በተመዘገበው የካፋ ባዮስፌር ክልል ውስጥ ያለ ጫካም ሆነ ሌላ ጫካ በግለሰብ ቤት ሽያጭ አይተላለፍም፤ ቤትን የገዛ ሰው የቀድሞውን ባለቤት ኮቦ ገዝቻለሁ ቢል የጎረቤቶቹ ተቃውሞ ከዳኛው ውሳኔ ቀድሞ ይደርሰዋል።

ክርክሩ ወደ ፍርድ ቤት ከደረሰ ማስረጃው ጽሑፍ ነው። የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ካልተደረገ ውጤት እንደሌለው አንቀጽ 2877 ሲደነግግ፣ አንቀጽ 1723 ደግሞ በፍርድ ቤት ወይም ሕዝቡ ውልና ማስረጃ በሚለው መሥሪያ ቤት ፊት መመዝገብን ይጠይቃል፤ በአንቀጽ 2005 እና 2006 መሠረትም የተፈረመ ጽሑፍ በፈራሚዎቹ መካከል ሙሉ እምነት የሚጣልበት ሲሆን በሰው ምስክር ሊስተባበል አይችልም። ደላላው ቤቱን ሲያሳይ «ሮቶውም ካቢኔውም አብሮ ነው» ብሎ የተናገረው ቃል ሻጩና ገዢው ከተፈራረሙ በኋላ ብዙም አይጠቅምም። ቀብድም የራሱ ወጥመድ አለው፤ በአንቀጽ 1885 መሠረት ሰጪው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፣ ተቀባዩ ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል፤ ስለዚህ ቀብድ ከፍሎ ከሳምንት በኋላ ካቢኔው እንደማይካተት የሰማ ገዢ ገንዘቡን ከማጣትና ያልፈለገውን ቤት ከመውሰድ አንዱን ለመምረጥ ይገደዳል። ለጥቂት ሜትር ፕላስቲክ ምንጣፍ ክስ መመሥረት ከምንጣፉ ዋጋ በላይ ስለሚያስወጣ፣ በተግባር አብዛኛው ጠብ በሽማግሌ ያልቃል፤ ሕጉም ግልግልንና እርቅን ይቀበላል። ሽማግሌ ግን የሚያስታርቀው ግማሹን ለአንዱ ግማሹን ለሌላው እያደረገ በመሆኑ፣ ሙሉ መብት የነበረው ወገንም ግማሹን ያጣል።

በውልና ማስረጃ ቢሮዎችና በራፖር ጸሐፊዎች እጅ የሚገኘው የቤት ሽያጭ ውል የካርታ ቁጥር፣ የቦታ ስፋት፣ የዋጋና የስም ቦታ አለው፤ የወለል ንጣፍ፣ የውሃ ታንከር፣ የካቢኔ፣ የቡናና የእንሰት ቦታ ግን የለውም። በቦንጋ ይህን ውል የሚያዘጋጁ ሁሉ በአንድ ተጨማሪ ገጽ ላይ የሚቀረውን፣ የሚወጣውንና የሚወጣበትን ቀን ሻጭና ገዢ በጋራ እንዲሞሉ ቢያደርጉ፣ ሁለቱም ወገኖች በርክክቡ ቀን ያንኑ ገጽ ይዘው ቤቱን ክፍል በክፍል፣ ጓሮውንም ዙሪያውን ቢያዩ፣ ሥራው ከአንድ ሰዓት አይበልጥም።